ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የኦንላይንና የቅይጥ ትምህርት ኮርሶች አቀራረጽ

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ካስታወቀ ከሁለት ቀናት በኋላ በኢትዮጵያ በቫይረሱ የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ይፋ ሆነ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደየቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። የታሪክ ወይም የሒሳብ ተማሪ መጻሕፍቱን ይዞ ቢሄድ ከትምህርቱ የሚበዛውን ይዞ ይሄዳል። የነርሲንግ፣ የአዋላጅነት፣ የሕክምና፣ የአንስቴዥያ ወይም የላብራቶሪ ተማሪ ግን የትምህርቱን ዋና ክፍል በሕሙማን ክፍልና በቤተ ሙከራ ትቶ ይሄዳል። በሌላ በኩል ወረርሽኙ ራሱ የሠለጠነ እጅ ይፈልግ ስለነበር ምረቃን ላልተወሰነ ጊዜ ማራዘም የሚቻል አልነበረም።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ የብዙ ተቋማት የመጀመሪያ ምላሽ በክፍል ይሰጥ የነበረውን ሌክቸር እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነበር። ስላይዶቹ ተላኩ፣ መምህሩ በቪዲዮ ቀረበ፣ ኮርሱም «ኦንላይን ተሰጠ» ተባለ። ይህ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አስቸኳይ ማዛወርና የኮርስ አቀራረጽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ክፍል የተዘጋጀው በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ኮርስ ለሚያዘጋጁ መምህራንና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሲሆን፣ ትኩረቱም ከማሳያ ሰሌዳ ፊት የሚማረውንና ከአልጋ አጠገብ ብቻ የሚማረውን ለይቶ ሁለቱን በአንድ ኮርስ ውስጥ ማገናኘት ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ቅይጥ ትምህርት» የሚለው ቃል ከፊሉ በርቀት፣ ከፊሉ በአካል የሚሰጥና ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ የሚሄድበትን ኮርስ ያመለክታል።

በቅድሚያ የሚለየው ነገር

ጆርጅ ሚለር የተባሉ የሕክምና ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የጤና ባለሙያን ብቃት በአራት ደረጃ ከፍለው አቅርበዋል። በታችኛው ደረጃ ተማሪው ያውቃል፤ በሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ በሦስተኛው ሠርቶ ያሳያል፤ በላይኛው ደረጃ በዕለት ተዕለት ሥራው ይፈጽማል። ክፍፍሉ ቀላል ቢመስልም ለኮርስ አዘጋጁ የመጀመሪያው መሣሪያ እርሱ ነው። የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች በርቀት ሊሰጡ ይችላሉ፤ እንዲያውም ተማሪው በራሱ ፍጥነት ደጋግሞ ማየት ስለሚችል አንዳንድ ጊዜ ከክፍል የተሻለ ውጤት ይገኝባቸዋል። የላይኞቹ ሁለቱ ግን እጅን፣ መሣሪያንና የሚመለከት አሠልጣኝን ይፈልጋሉ።

ስለዚህ አዘጋጁ ኮርሱን ከስላይድ ሳይሆን ከኮርሱ ዓላማዎች ዝርዝር መጀመር ይኖርበታል። እያንዳንዱን ዓላማ አንሥቶ «ተማሪው ይህን ባይችል የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱስ በምን ያህል ፍጥነት ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቅ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሳይተነፍስ ሲቀር በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር መስጠት መጀመር አለበት። ይህን ክህሎት በቪዲዮ ብቻ ያየች አዋላጅ ጭምብሉን ከሕፃኑ ፊት ጋር ሳታጋጥም ባጉን ልትጨምቅ ትችላለች፤ አየሩ በጎን ይወጣል፣ ደረቱም አይነሣም። እርሷ ግን ያየችውን ሁሉ በትክክል እየፈጸመች ይመስላታል። እንዲህ ያለው ዓላማ ምንም ያህል ጊዜ ቢጠፋና የተማሪው ቁጥር ቢበዛ ከአካል ሥልጠና ሊወጣ አይገባም። በአንጻሩ የወሊድ ደረጃዎችን መተረክ፣ የመድኃኒት መጠን ማስላት፣ የላብራቶሪ ውጤት መተርጎም፣ የፓርቶግራፍ ቅጽ ማንበብ በርቀት ቢሰጡ የሚጎድል ብዙ ነገር የለም።

በዚህ መንገድ ሲለይ አንድ የተለመደ ስሕተት ይታያል። በክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት ይወስድ የነበረው ነገር በአብዛኛው በርቀት ሊሰጥ የሚችለው ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ «ጊዜ ካለ» ተብሎ ይተው የነበረው ደግሞ ፈጽሞ ሊቀር የማይገባው ሆኖ ይገኛል። ወረርሽኙ ይህን ሚዛን ለማስተካከል ያስገደደ አጋጣሚ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተማሪው የሚገኝበት ሁኔታ

የኦንላይን ኮርስ አዘጋጅ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ላፕቶፕ፣ የማይቋረጥ መብራትና ዋይፋይ ያለውን ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ በአዲስ አበባ ይኖር ይሆናል። ከጎንደር ወይም ከጅማ ካምፓስ ወደ ገጠር ቀበሌ የተመለሰችው ተማሪ ግን ያላት አንድ ስማርት ስልክ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም መብራት በመጣ ጊዜ የሚሞላ፣ ኔትወርክ ለማግኘት ወደ ኮረብታ የሚወሰድ ነው። ለሴት ተማሪዎች ሌላም ነገር አለ። ቤት የተመለሰች ልጅ እናቷን ማገዝ ይጠበቅባታል፤ ከውሃና ከእንጀራ የተረፈው ሰዓት ማታ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በቀጥታ የሚተላለፍ ሌክቸር ይህችን ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ያስቀራታል። መቅረቷም በስም መጥሪያ ላይ እንደ ስንፍና ይቆጠራል።

የዳታ ዋጋም በቁጥር መታየት አለበት። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይወስዳል። በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሰጥ 9 ጊጋ ባይት ይሆናል። ያው ትምህርት በ32 ኪሎ ቢት በድምፅ ቢቀዳ በሰዓት የሚወስደው 14.4 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ የሳምንቱ 20 ሰዓት በጠቅላላ ከ288 ሜጋ ባይት አያልፍም። ስላይዱ በፒዲኤፍ ተለይቶ ቢላክና በድምፁ ውስጥ «አሁን ገጽ 7ን ይመልከቱ» እየተባለ ቢሄድ ተማሪው የሚያጣው የመምህሩን ፊት ነው። ይህም ኪሳራ አይደለም ባይባልም ከ30 እጥፍ በላይ ዳታ የሚከፈልበት ጉዳይ አይደለም። ቪዲዮ ዓይን የግድ ለሚያስፈልገው ነገር፣ ለምሳሌ ለሕፃን አተነፋፈስ፣ ለእጅ እንቅስቃሴ፣ ለቁስል አለባበስ ተቆጥቦ ይቀመጥ።

የድምፅም ሆነ የቪዲዮ ቅጂ አጭር መሆን ይገባዋል። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን አንድ ክፍል በአንድ ሐሳብ ላይ ቢያተኩርና በአንድ ጥያቄ ቢያበቃ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ተማሪውም ካቆመበት ይቀጥላል። የኮርሱ ሙሉ ይዘት በሜሞሪ ካርድ ተገልብጦ ተማሪው ከካምፓስ ሲወጣ ቢሰጠው ወይም በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ በኩል ቢደርሰው ከሁሉ ይሻላል። ኔትወርኩ ለጥያቄ፣ ለመልስና ለምዘና ብቻ ይውላል። እንደ ሙድል ያሉ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ያሏቸው ተቋማት ይጠቀሙባቸው፤ የሌላቸው በቴሌግራም ቻናል ቢጀምሩ ነውር የለበትም። ሆኖም የቴሌግራም ቡድን መልእክት በመልእክት ላይ ስለሚከመር የሳምንቱ ሥራ ዘወትር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅርጽ ሊለጠፍና ከላይ ሊሰካ ይገባል።

የማስረከቢያ ጊዜ በሰዓት ሳይሆን በሳምንት ይወሰን። ከዚህ ጋር እያንዳንዱ መምህር ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ተማሪዎች ተመድበውለት በየሳምንቱ በተራ ስልክ ቢደውልላቸው፣ ሁለት ሳምንት ድምፁ የጠፋውን ተማሪ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አለ ማለት ነው። የስልክ ጥሪ ዘመናዊ የማስተማሪያ ዘዴ አይመስልም፤ ግን ከየትኛውም ሶፍትዌር በፊት ተማሪን በኮርሱ ውስጥ የሚያቆይ እርሱ ነው።

ምሳሌ፦ የኦክስጅን ሕክምና ሳምንት

ከላይ የተባለውን በተግባር ለማየት ለሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች የሚሰጥ አንድ ሳምንት በምሳሌነት ይወሰድ። ርእሱ ለኮቪድ-19 ሕመምተኛ ኦክስጅን መስጠት ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር 48 ነው።

የርቀቱ ክፍል የሚጀምረው በገለጻ ሳይሆን በአንድ ታሪክ ነው። አንድ የ62 ዓመት አባት ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ፤ የደም ኦክስጅን ሙሌታቸው 84 በመቶ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉ በአምቡላንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይርቃል። ጤና ጣቢያው ያለው አንድ ሲሊንደር ሲሆን የሲሊንደሩ ይዞታ 10 ሊትር፣ ጌጁ የሚያሳየው ግፊት 100 ባር ነው። ተማሪዎቹ ምንም ሳይማሩ «ይህ ኦክስጅን ያደርሳል?» ተብለው ይጠየቃሉ። ብዙዎቹ አይመልሱም። ጥያቄው ግን በሳምንቱ ውስጥ የሚሰሙትን ሁሉ የሚሰቅሉበት ችንካር ይሆናቸዋል።

ቀጥለው የሚመጡት አጫጭር የድምፅ ክፍሎች የሚያስተምሩት ይህን ታሪክ ለመፍታት የሚያስፈልገውን ያህል ነው። የመጀመሪያው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚለካውንና የሚሳሳትበትን ይናገራል። ቀዝቃዛ ጣት፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ንባቡን ሊያዛቡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣ ጥናት መሣሪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሙሌቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የሚያሳይበት ጊዜ እንዳለ ስላመለከተ ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ነጥብ በግርጌ የሚታለፍ አይደለም። በንባቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በሕመምተኛው አተነፋፈስ፣ በከንፈሩ ቀለምና በንቃቱ ላይም መመሥረት እንዳለበት ይነገረዋል። ሁለተኛው ክፍል የማስተላለፊያ መሣሪያዎችን ያስተዋውቃል፦ ናዛል ካኑላ በደቂቃ እስከ 5 ሊትር፣ ተራ የፊት ጭምብል ከ6 እስከ 10 ሊትር፣ ከረጢት ያለው ጭምብል ከ10 እስከ 15 ሊትር። ሦስተኛው ክፍል ስሌቱን ያሳያል። የሲሊንደሩ ይዞታ በሊትር ከግፊቱ ጋር ሲባዛ በውስጡ ያለውን ጋዝ በግምት ይሰጣል፤ 10 ጊዜ 100፣ 1,000 ሊትር። በደቂቃ 5 ሊትር ቢሰጥ ለ200 ደቂቃ፣ ማለትም ለሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ኮርሶች ያቆማሉ። ተማሪው ስሌቱን ሠርቶ «ያደርሳል» ብሎ ይመልሳል፣ ነጥቡን ያገኛል። ጥሩ አቀራረጽ ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። በሚቀጥለው ቀን የሚከተለው መልእክት ይላካል፦ «አምቡላንሱ ከተነሣ አንድ ሰዓት ሆኖታል። የሕመምተኛው ሙሌት ወደ 80 ወርዷል። ናዛል ካኑላው ተነሥቶ የፊት ጭምብል ተደርጎ በደቂቃ 10 ሊትር እየተሰጠ ነው።» ተማሪው እንደገና ያሰላል። በመጀመሪያው ሰዓት 300 ሊትር አልቋል፤ የቀረው 700 ሊትር በ10 ሊትር ፍሰት 70 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ኦክስጅኑ ከተነሡ በ130ኛው ደቂቃ ያልቃል፤ መንገዱ ግን 150 ደቂቃ ነው። ሕመምተኛው ሆስፒታል ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሲሊንደሩ ባዶ ይሆናል። በተጨባጭ ደግሞ ሲሊንደር እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለማይታመን ከዚያም በፊት ሊያልቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም፤ የቡድን ውይይቱም የሚደረገው በእርሱ ላይ ነው። ከመነሣት በፊት ምን መደረግ ነበረበት? ሁለተኛ ሲሊንደር ከየት ይገኝ ነበር? ሆስፒታሉ ስልክ ተደውሎለት ነበር? ሕመምተኛውን በደረቱ ማስተኛት ይረዳ ነበር? በስድስት በስድስት የተመደቡት ተማሪዎች በድምፅ መልእክት ይወያያሉ። መምህሩ በመካከል ገብቶ መልስ ከመስጠት ይታቀባል፤ በሳምንቱ መጨረሻ የየቡድኑን ውሳኔ በስም ሳይጠራ አነጻጽሮ ይመልሳል። ይህ ውይይት በክፍል ውስጥ ቢደረግ ሦስት ወይም አራት ደፋር ተማሪዎች ብቻ ይናገሩ ነበር። በጽሑፍና በድምፅ መልእክት ግን ዝምተኛው ተማሪም አስቦ ይመልሳል፤ በዚህ ረገድ የርቀት ትምህርት ከክፍል ይበልጣል።

የአካሉ ክፍል የሚከተለው ተማሪዎች በተራ ወደ ካምፓስ ሲጠሩ ነው። የክህሎት ቤተ ሙከራው አካላዊ ርቀትን ጠብቆ በአንድ ጊዜ 8 ተማሪዎችን ቢይዝ 48ቱ ስድስት ቡድን ይሆናሉ። በቀን ሁለት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ቢሰጥ በሦስት ቀን ያልቃል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መስኮቶች ተከፍተው ክፍሉ ይናፈስ፤ ጠረጴዛውና መሣሪያው በመጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በክሎሪን ይጸዳ። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ ከ49 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ለገጽታ ማጽጃ የሚሆነው 0.1 በመቶ ይገኛል። ለሠው አካል ሞዴሎች ግን የአምራቹ የጽዳት መመሪያ ይከበር፤ በሞዴል ላይ በአፍ መተንፈስ ፈጽሞ አይደረግ።

በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ሌክቸር አይሰጥም። መምህሩ ሦስት ደቂቃ እንኳ «ባለፈው እንዳያችሁት» ብሎ መድገም ከጀመረ የአካሉ ጊዜ ወደ ክፍል ይመለሳል፣ በርቀት የተሰጠውን ሳያዳምጥ የመጣ ተማሪም በሚቀጥለው ሳምንት አያዳምጥም። ተማሪው እንደ ገባ ሲሊንደሩን ይከፍታል፣ ጌጁን ያነባል፣ ፍሎሜትሩን ይገጥማል፣ ካኑላውን በሞዴሉ ላይ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ በስክሪን የማይታዩ ነገሮች ይታያሉ። አንዱ ቫልቩን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያዞራል፤ ሌላው በፍሎሜትሩ ውስጥ ያለችውን ኳስ ከላይ ጫፏ ያነባል እንጂ ከመካከሏ አያነብም። ሦስተኛው በአልኮል የታሸ እጁ ሳይደርቅ ወደ ሲሊንደሩ ይዘረጋዋል። ኦክስጅን ባለበት ቦታ አልኮልም ሆነ ቅባት የእሳት አደጋ መሆኑን በድምፅ የሰማው ተማሪ ራሱ ነው። ሰምቷል፣ በፈተና ላይም መልሷል፤ እጁ ግን ገና አልተማረም።

መከላከያ አልባሳትን ስለ ማውለቅ

የግል መከላከያ አልባሳት አለባበስና አወላለቅ በቪዲዮ ለማስተማር የሚመች ርእስ ይመስላል፤ ቅደም ተከተል አለው፣ ይታያል፣ አጭር ነው። አደጋው ያለው በመልበስ ሳይሆን በማውለቅ ላይ ነው፤ የደከመ ባለሙያ ከረጅም ሥራ በኋላ በችኮላ ሲያወልቅ የተበከለው ውጫዊ ገጽ ቆዳውን ወይም ፊቱን ይነካል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪው ሁሉንም ለብሶ ከጨረሰ በኋላ በጓንቱና በጋውኑ ላይ በውሃ የሚታጠብ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ጓደኛው ደረጃዎቹን በማመሳከሪያ ዝርዝር እየተከታተለ እንዲያወልቅ ይደረጋል። ሲጨርስ ቀለም በአንገቱ፣ በእጅ አንጓው ወይም በፊቱ ላይ ከተገኘ ቫይረሱም በዚያ ይገኝ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ በራሱ ቆዳ ላይ ያየ ተማሪ ቪዲዮውን በሌላ ዓይን ደግሞ ያየዋል፤ ስለዚህ ቪዲዮው ከልምምዱ በፊት ብቻ ሳይሆን በኋላም እንዲታይ በኮርሱ መርሐ ግብር ይግባ።

የሕመምተኛው ቋንቋ

በከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመምተኛው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ይናገራል። በመደበኛው ጊዜ ተማሪው ይህን ክፍተት የሚሞላው በሕሙማን ክፍል እየዋለ በጆሮው ነው። ትምህርቱ ወደ ርቀት ሲዛወር መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ሲሆን፣ በየትኛውም ሞጁል ዓላማዎች ውስጥ ስላልተጻፈ መጥፋቱን የሚያስተውል የለም።

«ብርድ መታኝ» ብሎ የመጣ ሰው ጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ የጡንቻ ሕመም ወይም ኮቪድ-19 ሊኖርበት ይችላል። «ልቤን ያፍነኛል» የሚል ሰው የልብ ሕመምተኛ ላይሆን ይችላል፤ ጨጓራውን ወይም ጭንቀቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ከዚህ ንግግር ወደ ክሊኒካል ጥያቄ መሻገርን መማር አለበት፦ መቼ ጀመረ፣ ሲተኙ ይብሳል ወይ፣ ደረጃ ሲወጡ ምን ይሰማዎታል። ይህ በርቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ተማሪው ቤተሰቡ መካከል መሆኑም ለዚህ ይጠቅማል። በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ያለን ፈቃደኛ አዋቂ ሰው ርቀት ጠብቆ ወይም በስልክ ስለ አንድ ያለፈ ሕመሙ ይጠይቅ፤ የሰማውን በተናጋሪው ቃል ይጻፍ፣ ቀጥሎ በሙያው ቋንቋ ይጻፍ፣ በሁለቱ መካከል የጠፋውን ይግለጽ። ስም፣ ቀበሌና ዝምድና በጽሑፉ አይግቡ። በእድሜ ለሚበልጡት «እርስዎ» እያለ፣ እንደየአካባቢው ወግ ሰላምታ ሰጥቶ መጀመሩም በምዘናው ይያዝለት። ጥድፊያ ያለበት ጥያቄ ለእናቶች የማይነገር መልስ ያስከትላል።

ምዘና

በርቀት ፈተና ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ሥጋት ኩረጃ ነው። ተማሪውን በካሜራ መከታተል በሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ የሚሠራ አይደለም፤ ቢሠራም ዳታ የሌለውን ተማሪ ይቀጣል። የሚሻለው መጽሐፍ ከፍቶ ቢመልሱትም የማይጎዳ ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። «የሃይፖክሲያ ምልክቶችን ዘርዝር» የሚለው ጥያቄ ይገለበጣል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩ የተለወጠ የአምቡላንስ ታሪክ ቢሰጥ ግን ጓደኛውን የጠየቀ ተማሪ እንኳ ስሌቱን ራሱ ሊሠራ ይገደዳል፣ በዚያውም ይማራል። አጫጭርና ተደጋጋሚ ጥያቄዎች ከአንድ ትልቅ የመጨረሻ ፈተና ይልቅ ትውስታን ያጠናክራሉ፤ ያለፈው ሳምንት ጥያቄ በሦስተኛው ሳምንት ውስጥ ቢደገም ይመረጣል።

የክህሎት ምዘና በርቀት አይደረግም። ሮናልድ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተዘጋጀ የማመሳከሪያ ዝርዝር የሚመዘንበት ኦስኪ በአካላዊ ርቀትም ሊሠራ ይችላል፤ የሚለወጠው የጣቢያዎቹ ቁጥርና የሚወስደው ቀን ነው። የርቀቱ ውጤት ለክህሎት ጣቢያ ለመቅረብ መስፈርት ይሁን እንጂ የክህሎቱን ዜሮ የሚያካክስ አይሁን። በጽሑፍ 90 ያገኘ፣ ነገር ግን የሕፃኑን ደረት ማስነሣት ያልቻለ ተማሪ አማካይ ውጤቱ ያሳልፈዋል የሚል የምዘና ሥርዓት ካለ ሥርዓቱ ይታረም።

የሕመምተኛ ምስጢር በስልክ ላይ

ተማሪዎች ወደ ጤና ተቋም ልምምድ ሲመለሱ መምህራን በአካል ያላዩትን ለማስተማር ሲሉ የቁስል፣ የኤክስሬይ ወይም የካርድ ፎቶ በቴሌግራም ቡድን የሚለቁበት ልማድ ተስፋፍቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የኤክስሬይ ፊልም ጥግ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ይኖራል፤ ፊት በከፊል ቢሸፈንም በአነስተኛ ከተማ ሰው ከልብሱም ይታወቃል። በተለይ በወረርሽኝ ጊዜ የሕመምተኛ ማንነት መውጣት ከጎረቤት መገለልን ያስከትላል፤ ይህን የፈራ ሰውም ምልክት እያየ ወደ ጤና ተቋም አይመጣም። ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ለማስተማር መሆኑ ተነግሮ ፈቃድ ይጠየቅ፤ መለያዎች ይቆረጡ እንጂ በቀለም አይሸፈኑ፤ ተማሪዎች ወደ ሌላ ቡድን እንዳያስተላልፉ በኮርሱ መጀመሪያ ይፈርሙ። ፎቶው የማያስፈልግ ከሆነ ታሪኩን በቃል መተረክ ይበቃል።

የመምህሩ ጊዜ

የአሥር ደቂቃ የድምፅ ክፍል ለማዘጋጀት የክፍል ሌክቸር ከሚጠይቀው የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል። ከዚህ ላይ የየሳምንቱ የስልክ ጥሪ፣ ስድስት ጊዜ የሚደገም የክህሎት ክፍለ ጊዜና የውይይት ምላሽ ይጨመራል። የትምህርት ክፍሉ ይህን እንደ ሙሉ የማስተማር ሰዓት ቆጥሮ ካልመዘገበው መምህሩ በሁለተኛው ሳምንት ስላይድ ወደ መላክ ይመለሳል። ሁለት ወይም ሦስት ኮሌጆች ርእስ ተከፋፍለው ቅጂዎቹን ቢጋሩ ሸክሙ ይቀልላል፤ በኦክስጅን ሕክምና ላይ የተቀዳ አንድ ጥሩ ክፍል ለሐረማያ የሚጠቅመውን ያህል ለሐዋሳም ይጠቅማል።

በታመሙ ወይም በለይቶ ማቆያ በነበሩ ተማሪዎች ምክንያት ለሚጓደሉ የክህሎት ክፍለ ጊዜያት ሰባተኛ የማካካሻ ቡድን ከመጀመሪያው በመርሐ ግብሩ ይያዝ። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ተማሪ «ከቀረሁ እወድቃለሁ» ብሎ ወደ ቤተ ሙከራው እንዳይመጣ ይህ ቀን ለሁሉም አስቀድሞ ይነገር።